የሉባባ ሻርፕ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ ሙሀመድዘይን፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካሉበት ይድረስዎ። ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልን፤ በዚያ ብርድ አገር ጉልበትዎን ይጠብቅልዎ። እኛ ከነልጆቹ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ።

ምናልባት አያውቁኝም። የሉባባ ልጅ ጀሊላ ነኝ። እናቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ናችሁ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ እኔ ገና አልተወለድሁም፤ ስምዎን ግን እየሰማሁ ነው ያደግሁ። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠብን ወዲህ ነገራችን ሁሉ በሰው እጅ ሆኗል። ይህን ደብዳቤ ወንጌላዊት የምትባል ጎረቤቴ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስትሄድ ይዛው ወጥታ ከዚያ ትልከዋለች።

የጻፍሁበት ምክንያት ልጄ ሀኒያ ስለታጨች ነው። ልጁ ፈሀድ ይባላል፤ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ነው። ኒካው ከኢድ በኋላ ነው። በእናቴ እናት ወገን አንድ ልማድ አለ፤ እርስዎ በአባት በኩል ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የምትለብሰው አንድ ሻርፕ አለ። ቅድመ አያቴ ከየመን፣ ከኤደን ያመጡት ነው። በዕድሜ ትልቋ ሴት በሙሽራዋ ትከሻ ላይ ትጥልላታለች፤ ያ ሳይሆን ሙሽራዋ ደጁን አታልፍም። እኔም ያንኑ ለብሼ መውጣት ነበረብኝ፤ በእኔ ጊዜ ግን አባቴ ሐዘን ላይ ስለነበሩ ሰርጌ በጸጥታ አለፈ።

ያ ሻርፕ አሁን በእጃችን የለም። እናቴ በ1988 በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ እንደ ክት ልብስ ለብሳው የተቀረጸችበት ቴፕ ግን አለኝ። በዓመቱ ሞተች፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቴሌቪዥኑን በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ አሳጥቤ፣ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መልኩን ይዩት። ውኃ ሰማያዊ ነው ሲሉት ዞር ስትል ብርቱካናማ ይሆናል፤ እንደ ርግብ አንገት ነው። ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ብርቱካናማ የሆነ ሐር ቢሆን ነው። እኔ የአባቴን የጨርቅ ሱቅ ይዤ ነው የምኖረው፤ እንዲህ ያለውን ግን መርካቶም አስፈልጌ አላገኘሁም። እዚያ አገር ካለ ያፈላልጉልኝ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ ጀሊላ


ማልሞ፣ ስዊድን፣ ኅዳር 20 ቀን 2016

ለልጄ ጀሊላ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ቤትሽን አላህ ይጠብቀው። ሀኒያን እንኳን ለዚህ አደረሳት፤ ትዳሯን የሰላም ያድርገው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል እንጂ ሌላው ይሠራል።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ብዙ አየሁት። ሉባባን አወቅኋት። ልትስቅ ስትል አንገቷን ዘንበል ታደርግ ነበር፤ እዚያም ዘንበል አድርጋለች።

ጨርቁን ግን አትፈልጊው። እንዲህ ያለ ጨርቅ በየትም ገበያ የለም። ይህን የምልሽ ከሥራዬ ተነሥቼ ነው። እኔ እዚህ የምሠራበት ቤት ሰዎች አሮጌ የቪዲዮ ቴፕ ያመጣሉ፤ እኛ ወደ አዲሱ ዓይነት እንገለብጥላቸዋለን። እንዲህ ያለ ቀለም ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ነገር ግን ሳላጣራ ልፈርድ አልፈልግም። የቀረጸው ሰው በምን ዓይነት ካሜራ ነበር የቀረጸ? የሚያስታውስ ሰው ካለ ጠይቂልኝ። ሻርፑን በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የዳሰሰ ሰውስ የለም? ደግሞ በእጃችን የለም አልሽ እንጂ ጠፋ አላልሽም። ማን ዘንድ ነው ያለ?

አክስትሽን ጦይባን ሰላም በይልኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ ስላላነሣሻቸው አሳስቦኛል፤ ደህና ናቸው?

ሙሀመድዘይን


ባሕር ዳር፣ ጥር 25 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ፣

አላህ ጤናዎን ያብዛልን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ታኅሣሥ ውስጥ ነው። መልሱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ በመንገዱ አላሳብብም።

ካሜራውን በሚመለከት አንዳርጋቸው የሚባል የቴሌቪዥን ጠጋኝ እዚሁ ግሽ አባይ ሰፈራችን አለ፤ እሱን ጠየቅሁት። የቀረጸውን ሰውዬ ያውቀዋል። ካሜራው በትከሻው፣ መቅጃው ሳጥን በጎኑ ተንጠልጥሎ፣ በመሐል ጥቁር ገመድ ተዘርግቶ ነበር የሚዞር አለኝ። ሰርግ ላይ ገመዱ ሰው ይጠልፍ እንደነበርና አንድ ጊዜ ሚዜ አስተኝቶ እንደነበር ጨምሮ ነገረኝ። ለምን እንደምጠይቅ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንቺ ጨርቅ ታውቂያለሽ፤ ገመድ ግን አታውቂም» አለኝ። እርስዎና እሱ የተነጋገራችሁ ነው የመሰለኝ።

አጎቴ፣ አይቀየሙኝ። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስዳስስ ነው የኖርሁት። ሐርና ናይለን በጨለማ ለይቼ እናገራለሁ። አባቴ ዓይኔን አምነው ነው ሱቁን ለሴት ልጅ የተዉት። ያን ቴፕ በሦስት ቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ በሦስቱም ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው። ቴሌቪዥን ቢያበላሽ እንዴት ሦስቱም አንድ ዓይነት ያበላሻሉ? ቴፑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጎድቷል፤ እናቴ ወደ ካሜራው ስትቀርብ ቀለሙ ይሞታል፤ እሱን አሳልፌ ነው የማየው። የቀረው ንጹሕ ነው።

ሻርፑ ማን ዘንድ ነው ላሉኝ፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ በእህቷ በአክስቴ ጦይባ ዘንድ ነው የነበረ። ከጣና ማዶ ቁንዝላ ነው የሚኖሩ። ነሐሴ ላይ የሀኒያን መታጨት ሲሰሙ ይኸውና ብለው በጀልባ ላኩልኝ። ሱቅ ውስጥ ፈታሁት። ጥቁርና ነጭ ነው። የስንዴ ቅንጣት ወርድ ያለው መስመር፣ ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ፣ ከዳር እስከ ዳር። የጥጥ ነው። ሐር የሚባል አልነካውም። መለስሁላቸው። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

እንግዲህ ጨርቁ ከሌለ ክሩን ይላኩልኝ። ሰማያዊና ብርቱካናማ የሐር ክር ካገኘሁ የሚሸምንልኝ ሰው አለ።

ጀሊላ


ማልሞ፣ የካቲት 9 ቀን 2016

ለልጄ ጀሊላ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለአክስትሽም። ክር አልልክልሽም። በምትኩ ያለኝን ልንገርሽ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ቴሌቪዥን ሥዕልን የሚያነብበው እኛ ጽሑፍ እንደምናነብ በመስመር ነው፤ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። በአሮጌው አሠራር ካሜራው ያየውን ሁሉ የሚልከው በአንድ ቀጭን ገመድ ነው። መጀመሪያ በዚያ ገመድ የሚሄደው ብርሃን ብቻ ነበር፦ እዚህ ጋ ነጭ፣ እዚህ ጋ ጥቁር፣ እዚህ ጋ ግራጫ። በኋላ ቀለም መጣ። ሰው ሁሉ ያለውን ቴሌቪዥን እንዳይጥል ብለው ለቀለሙ ሌላ ገመድ አላበጁለትም። በዚያው ገመድ፣ በብርሃኑ ላይ፣ እጅግ ፈጣን ንዝረት አድርገው ጫኑት። በአንድ ሰከንድ ከአራት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይንቀጠቀጣል። ተቀባዩ ዕቃ ሁለቱን ሲለይ በዚያ ፍጥነት የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ቀለም ነው ይላል። ሌላ መለያ የለውም።

አሁን አክስትሽ የላኩልሽን ጨርቅ አስቢው። ካሜራው በላዩ ሲያልፍ ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ እያለ ያነብባል። ይህም ንዝረት ነው። የለበሰችው ሴት በጣም ሩቅ ስትቆም መስመሩ ይደቅቅና ግራጫ ይሆናል። ቅርብ ስትመጣ መስመሩ ይሰፋል፤ ንዝረቱ ይዘገያል፤ ጥቁሩና ነጩ እንዳለ ይታያል። በመሐል ግን አንድ ርቀት አለ። እዚያ ላይ የጨርቁ ንዝረት ከቀለሙ ንዝረት ጋር አንድ ይሆናል። ያን ጊዜ ዕቃው መስመሩን ቀለም ነው ብሎ ይቀባዋል። ጨርቁ ትንሽ ሲታጠፍ መስመሩ ይጠብባል፣ ሲዘረጋ ይሰፋል፤ ቀለሙም ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ይሮጣል። ድርና ማጉ የተለያየ ሐር ይመስላል፤ እንኳን አንቺ ሸማኔም ይሳሳታል።

ሦስት ቴሌቪዥን እንዴት አንድ ዓይነት ያሳያል ያልሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የተሳሳተው ቴሌቪዥኑ ስላልሆነ ነው። ያ በጎኑ የተንጠለጠለው መቅጃ ከካሜራው በገመድ የመጣለትን ብርሃንና ቀለም ሲለይ፣ መስመሩን ከቀለሙ ጋር ደባልቆ ቴፑ ላይ አተመው። ከታተመ በኋላ በመቶ ቴሌቪዥን ብታይው ያው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ኖሬያለሁ፤ አሁንም ይህ ነገር ሲመጣ እጄ ይቆማል። አንድ ጊዜ አንድ የዚህ አገር ሽማግሌ በወጣትነታቸው ጣናን የቀረጹበትን ቴፕ አመጡ። ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ይቀዝፋሉ። የደንገሉ ዘንጎች ጎን ለጎን ታስረው እንደ መስመር ናቸው። ታንኳው እየራቀ ሄዶ አንድ ቦታ ሲደርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስተ ደመና ሆነ። ሰዎቹ በቀስተ ደመና ላይ ቁጭ ብለው ቀዘፉ፤ ጥቂት ራቅ ሲሉ ደግሞ ጠፋ። ሱብሃነላህ አልሁ። የእኔ ሥራ እንዲህ ያለውን ቀለም አጽድቶ ማስረከብ ነው፤ ያን ግን ሳልነካው ሰጠኋቸው። በዚያ ትንሽ የቴሌቪዥን ብርሃን ውስጥ ማንም ያልነከረው ቀለም ሲወለድ ሳይ የፈጠረን ጌታ ስንቱን ነገር በስንት ቀጭን መንገድ እንደሚያሳልፍ አሰብሁ።

ተጎድቷል ብለሽ የምታሳልፊውን የቴፑን ቦታ አታሳልፊው። እሱን እዪ። ከዚያ ጻፊልኝ።

ሙሀመድዘይን


ባሕር ዳር፣ የካቲት 29 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ።

አየሁት። አንዳርጋቸው ማጫወቻውን አምጥቶልኝ፣ ሥዕሉን እያቆመ አሳየኝ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ትነሣለች፤ ሻርፑ ሰማያዊ ነው። ወደ ካሜራው ትመጣለች፤ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ደግሞ ሰማያዊ። ከዚያ ተጎዳ የምለው ቦታ ላይ ትደርሳለች። አንዳርጋቸው አቆመው። በትከሻዋ ላይ መስመሩ አለ። ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ። ቴፑ ምንም አልሆነም። ያን ቦታ ስንት ዓመት አሳልፌዋለሁ፤ እናቴ ከሁሉ የምትቀርበኝም እዚያ ላይ ነበር። ፊቷ ሙሉ ይታያል። በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ያልጻፍሁልዎን ልጻፍ። ሻርፑን የመለስሁት ዝም ብዬ አይደለም። ያመጣው ባለ ጀልባ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ ገዥዎች እየሰሙ፣ «እህትሽን ቀብረሽ ልብሷን ሸጠሽ፣ ለልጅ ልጇ ቡትቶ ትልኪያለሽ ወይ ብለህ ንገራት» አልሁት። አንድ ቃል ሳያስቀር ነገራቸው።  አክስቴ ባሕር ዳር ለሕክምና ሲመጡ እቤቴ አልገቡም፤ ሰው ቤት አድረው ተመለሱ።

ሻርፑን የምትጥለው ትልቋ ሴት እሳቸው ናቸው። ሌላ የለንም። ሰማያዊ ክር ባገኝ እንኳ በማን እጅ ላስለብሳት ነበር?

እርስዎን ያከብራሉ። ይህን ለእኔ የጻፉልኝን ለእሳቸው ይጻፉላቸው። እኔ ሄጄ ብነግራቸው ማምለጫ የፈለግሁ ይመስላቸዋል።

ጀሊላ


ማልሞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016

ለልጄ ጀሊላ፣

ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ።

አልጽፍላቸውም። ሰው ፊት የተሰደበች ሴት ከስዊድን በመጣ ወረቀት አትካስም። ደግሞም የገመድ ነገር ተጽፎ አይታመንም፤ አንቺ ራስሽ መች አመንሽኝ።

ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አንድ አሮጌ ካሜራ ልኬልሻለሁ። ጫፉ ቢጫ የሆነ ገመድ አብሮት አለ፤ እሱን አሮጌ፣ ወፍራም ቴሌቪዥን ላይ ይሰካው አንዳርጋቸው። ቴፕ አታስገቡበት። ካሜራው የሚያየው በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይውጣ። ስልክ አይሆንም፤ አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንም አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ላያሳይሽ ይችላል። ርቀቱን እያራቃችሁ እያቀረባችሁ ፈልጉት። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሂጂ። ዕቃውን ተሸክመሽ ሂጂ።

ሙሀመድዘይን


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016

ለተከበሩ አጎቴ ሙሀመድዘይን፣

ኢድዎ የተባረከ ይሁን። አላህ ዕድሜ ይጨምርልዎ፤ ጉልበትዎንም ያበርታልዎ።

ካሜራው በጾሙ መጨረሻ ደረሰኝ። ከኢድ በኋላ በነበረው እሑድ የአንዳርጋቸውን አሮጌ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ቁንዝላ በሚሄደው ጀልባ ተሳፈርን። ሁለት ሰው ነው የተሸከመው። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ለሙሽራ ስጦታ ነው ወይ ብላ ጠየቀችን፤ ከሙሽራዋማ ይበልጣል ብላ ሳቀች። አንዳርጋቸው፣ ቴሌቪዥኑ ዕድሜው ቢገፋም ገና ላጤ ነው አላት። እስከ ቁንዝላ ድረስ ተሳፋሪውን ሲያስቅ ነበር። እኔ የምለውን ነገር በልቤ ስደረድር ነበር፤ ስንወርድ አንዱም አልቀረልኝ።

አክስቴ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሽምብራ ይለቅማሉ። አልተነሡም። እንግዳውን ይግቡ አሉት፤ እኔን አላሉኝም። ብርድ ልብሱን ስንፈታ አዩና፣ ምስክርሽን ይዘሽ መጣሽ አሉኝ። ሻርፑን እንዲለብሱትና ግቢው ውስጥ እንዲቆሙልኝ ለመንኋቸው።

«የሰረቅሁትን አንቺው ልበሽው» አሉኝ።

ገብተው ከሣጥናቸው አውጥተው ሰጡኝና እዚያው ውስጥ፣ ደጁ ሥር ተቀመጡ። እኔ የመለስሁበት መጠቅለያ እንኳ አልተፈታም ነበር። ለበስሁትና ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆምሁ። ካሜራው ደጁ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወደ አክስቴ ዞሮ ተቀመጠ። መብራት በዚያ ሰዓት ነበረ። ለእኔ የሚታየኝ የአንዳርጋቸው ጀርባና የአክስቴ ፊት ብቻ ነው። አንዳርጋቸው ወደ ኋላ ሂጂ ይለኛል፤ እሄዳለሁ። ግራጫ ነው ይላል። ትንሽ ነይ ይላል፤ እመጣለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው ይላል። አክስቴ ሽምብራቸውን መልቀም ቀጠሉ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተሰብስቦ፣ የባሕር ዳሯ ነጋዴ ምን ነካት ይላል።

ከዚያ አንዳርጋቸው እዚያው ቁሚ አለኝ። 

አክስቴ ቀና አሉ። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ብዙ አዩ። በኋላ ዙሪ አሉኝ፤ ዞርሁ። ድገሚው አሉኝ። ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡ፤ መጥተው በእኔ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣታቸው ያዝ አድርገው አዩ። ጥቁርና ነጭ ነው። ተመልሰው ገብተው ቴሌቪዥኑን አዩ። ደግሞ ወጡ። ሦስተኛ ሲመለሱ ደጁ መሐል ላይ ቆሙ፤ ወደ እኔም ወደ ውስጥም ማየት በሚቻልበት።

«ሉባባ እንዲህ ሆና አታውቅም» አሉ። ደግሞ፣ «ይህን እያየሽ ነው ያደግሽው?» አሉኝ።

አዎ አልሁ።

«እኔም ብሆን ሌባ እልሽ ነበር።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። የመጣልኝን ሁሉ ተናገርሁ፤ አጥር ላይ ያሉት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የሰደብኋቸውን ቃል በቃሉ መልሼ፣ ውሸት እንደነበር ተናገርሁ። አክስቴ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ተነሺ፤ ልብሱን አፈር አስነካሽው» አሉኝ።

ከትከሻዬ ወስደው አራገፉት። ራሳቸው ለበሱት። እንግዲህ አንቺም ግቢና እዪ ብለው እኔ በቆምሁበት ቦታ ቆሙ።

አጎቴ፣ ምን እንደሆነ ጽፈውልኛል፤ ቴፑም ላይ አይቼዋለሁ፤ የማውቀው ነበር። ሆኖም ከውስጥ ሆኜ ሳየው አዲስ ሆነብኝ። በሰባ ዓመታቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ ከቅንጭብ አጥራቸው ፊት ቆመው፣ ከአንገታቸው እስከ ክንዳቸው ሰማያዊው ይወርዳል። ሲተነፍሱ ብርቱካናማ ይሆናል። በደጁ በኩል ስመለከታቸው ጥቁርና ነጭ ለብሰው የቆሙ አሮጊት ናቸው። ቴሌቪዥኑን ስመለከት ያ የእናቴ እሳት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፀሐይ። የቱ እውነት ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም። አንዳርጋቸው በደረቱ ላይ አማተበ፤ ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አክስቴ ከውጭ ሆነው አየሽ ወይ አሉኝ፤ አየሁ አልኋቸው። ወደ እኛ መራመድ ጀመሩ፤ ቀለሙ እየተንቀጠቀጠ ጠፋና መስመሩ ቀረ፤ ከዚያ ራሳቸው ገቡ።

ምሳ አበሉን። ዓሣ ነው። ስለ እናቴ ቅንድብ ጠየቅኋቸው፤ ከደንገል ታንኳ ወድቃ ነው አሉኝ፤ እሳቸው ገፍትረዋት።

ኒካው ሚያዝያ 19 ነው። አክስቴ በዋዜማው ይመጣሉ፤ እኔ ቤት ያድራሉ። አንድ ነገር ብቻ አዝዘዋል። ሻርፑን ለሀኒያ ሲጥሉላት በክፍሉ ውስጥ ካሜራ እንዳይኖር፣ ስልክም ቢሆን። ሀኒያ አኩርፋለች፤ ፈሀድ ከአዲስ አበባ ካሜራማን ቀጥሮ ነበርና። እኔ እሺ ብያለሁ። የሚያይ ሰው እዚያው ቆሞ ይያት።

ስለዚህ ከዚያ ሰዓት ፎቶ አይጠብቁ፤ አይኖርም። የለበሰችውን የሚጠይቅዎ ዘመድ ካለ ጥቁርና ነጭ ነው ይበሉልኝ።

ልጅዎ ጀሊላ